ያገለገለ ሾክና የኦቦ ደበላ ወገብ

ያገለገለ የሞተር ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው! የሚቀየም ካለ ይቀየም። ወረቀትና ብዕር አይዝም እንጂ፣ ግሪስ የነካት አንዲት ብሎን አንስቶ የሚተርክላችሁን ስትሰሙ እንባችሁ ሊመጣ ይችላል። "ይቺ ከአንድ ሐኪም ሞተር ላይ የወረደች ናት። ሰውየው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ ካልሆነ አስነስቷትም አያውቅ።" እስቲ አሁን ማን ይሙት... ሐኪሙ እንዲህ የሚሳሳላትን ሞተር ምን ነክቶት ነው ብሎን በብሎን ፈታትቶ የሸጣት? አትጠይቁም። እኔም አልጠየቅኩም። "ይኼ ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ ሲያመላልስ ኖሮ ገደል የገባ ነው" ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ እስካሁን አልተወለደም፤ ቢወለድም በማግስቱ ሱቁን ይዘጋል።

ይኼን ሁሉ ምሬት ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል... ከወገብ ነው። ያውም ከራሴ ወገብ ቢሆን በወጣልኝ፤ ከአማቴ ወገብ ነው!

የምኖረው ሰበታ ነው። ሥራዬ የዶሮ ክትባትና መድኃኒት ማከፋፈል ነው። ሆለታ በሉ፣ ቡራዩ በሉ፣ ሱሉልታ በሉ... ዶሮ ባስነጠሰበት ሁሉ አለሁ። የምዞረው በሞተር ነው። መንገዳችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶን ይቀበላችኋል፤ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ጉድጓድ ይቀበላችኋል። ጉድጓዱ ግን እንግዳ አክባሪ ስለሆነ ቶሎ አይለቃችሁም።

እናላችሁ... አንድ ቀን ከሆለታ ስመለስ ሞተሬ ከወደኋላው "ጭስስስ" ብሎ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰ። ወርጄ ሳይ የኋላ ሾክ አብዞርበሮቹ ዘይታቸውን አፍስሰው ቁጭ ብለዋል። ሾክ አብዞርበር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከመቀመጫው ስር ግራና ቀኝ የቆሙት፣ ሞላ የተጠመጠመባቸው ዘንጎች ናቸው። ሥራቸው መንገዱ የሚናገረውን ክፉ ነገር ወገባችሁ ሳይሰማ እዚያው ዋጥ ማድረግ ነው። የኔዎቹ መዋጥ አቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጠር በረገጥኩ ቁጥር ጥርሴ እርስ በርሱ ይማታል።

ባለቤቴ ጫልቱ፣ "አዲስ ግዛ" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ! የዛሬ ዕቃ ምኑ ዕቃ ነው? ፌስታል! ብረት የሚባለው የድሮው ነው።"

ይኼን ያልኩት ስለ ብረት የማውቀው ነገር ኖሮ እንዳይመስላችሁ። ሚስት "አዲስ ግዛ" ስትል "አሮጌው ይሻላል" ማለት የባል የሥራ ድርሻ ስለሚመስለኝ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ቡራዩ ሄድኩ። ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ብየዳ ቤቶቹ መሃል፣ የእትዬ ብርቄን ሱቅ ጠቆሙኝ። እትዬ ብርቄ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሱቃቸው ውስጥ ሙሉ ሞተር የለም እንጂ የሞተር ነገር ሁሉ አለ። ፊታቸው የክርስትና እናቴን ፊት ይመስላል። ያሳሳተኝም እሱ ነው!

"እትዬ፣ የኋላ ሾክ ፈልጌ ነበር" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጸልየህ ነው የወጣኸው!"

ጎንበስ ብለው ከቆርቆሮ ክምር ስር ሾኮቹን ጎትተው አወጡ። አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ጥቁር።

"ከአንዲት ነርስ ሞተር ላይ የወረዱ ናቸው" አሉኝ፣ የነርሷን ምስጢር እንደሚያካፍሉኝ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቀጫጫ ናት የኔ ልጅ። ንፋስ የሚወስዳት! ሞተሩ ሰው እንደተቀመጠበትም አያውቅ።"

"ቀለማቸው ምነው ተለያየ?"

"መንታ ናቸው። አንዱ እናቱን፣ አንዱ አባቱን መስሎ ነው።"

እስቲ ፍረዱኝ! ለእንዲህ ያለ መልስ ምን ይመለሳል? ሳቅኩ። እኔ ስስቅ እሳቸው በጋዜጣ ጠቀለሉ። ሳቄን ስጨርስ ሾኮቹ ክንዴ ስር ነበሩ። ነገሩ ሳይጥመኝ ቀርቶ አንዱን መሬት ላይ አቁሜ በሙሉ ክብደቴ ተደገፍኩበት፤ ንቅንቅ አላለም።

"ትንሽ አልደረቁም?"

"ለስለስ ያለ ከፈለግህ ፍራሽ ቤት ሂድ!" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው ብዬ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። ይገርማችኋል፤ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት!

ታምራት የሰፈራችን መካኒክ ነው። ከሶዶ ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ በመካኒክነት የቀረ፣ ደንበኛውን ሁሉ "ወንድም" እያለ የሚጠራ፣ ከአፉ መዝሙር የማይጠፋ ጨዋ ሰው ነው። እምነቱ የጸና ነው። የሚያሰጋኝ ሞተርም በእምነት መጠገኑ ነው። ጋዜጣውን ሲፈታ መዝሙሩ ቀጥ አለ።

"ወንድም ዳኒ፣ ይኼ ከምን ላይ የወረደ ነው?"

"ከነርስ ሞተር።"

በመፍቻው ጫፍ የሞላውን ውስጥ ጫር ጫር አደረገው። ግራጫ ነገር፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ፣ እየተፈረፈረ እግሩ ስር ወደቀ።

"ነርሷ ብሎኬት ታመርታለች?"

ሲሚንቶ ነበር! ለካ ሾኮቹ ዘመናቸውን የፈጁት ብሎኬት የሚያመላልስ ባለ ሦስት እግር ሞተር ስር ነው። ርዝመታቸውም ቢሆን ከኔዎቹ ይበልጣል። ጀርባው ሙሉ ብሎኬት ሲሸከም የኖረ ብረት፣ እኔን የመሰለ ሰው ሲቀመጥበት "ማነው?" ብሎ እንኳ ቀና አይልም።

"ግን ይገጠማል?" አልኩት።

ጥያቄዬን ልብ አላችሁልኝ? "ይሆናል?" አላልኩም። "ይገጠማል?" ነው ያልኩት። ተመልሼ ከእትዬ ብርቄ ጋር ከምፋጠጥ ከወገቤ ጋር ብፋጠጥ መርጬ ነው።

"በጌታ ይገጠማል!" አለና መዶሻ አነሳ። ጌታን እዚህ ነገር ውስጥ ባያስገባው ደስ ባለኝ።

ተገጠመ። ሞተሬ ግን ሞተር መምሰሉን ተወ። ከኋላው ሽቅብ ተሰቅሎ፣ ከፊቱ ቁልቁል ተደፍቶ፣ ወንዝ ዳር ውሃ ሊጠጣ ያጎነበሰ በሬ መሰለ። ጫልቱን ለሙከራ ገበያ ድረስ ወሰድኳት። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከተሰቀለችበት ተንሸራታ ጀርባዬ ላይ ልጥፍ ትላለች።

"ተጋብተናል እኮ፣ ምን አስቸኮለሽ?" አልኳት።

አልሳቀችም። ወርዳ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘችና፣ "ዳኒ፣ ይኼን ነገር አስወጣው። ሰው ትገድልበታለህ!" አለችኝ።

"ይላመዳል" አልኳት። ምኑ እንደሚላመድ ግን እኔም አላውቅም፤ ብረቱ ይሁን ወገባችን።

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ኦቦ ደበላ፣ የጫልቱ አባት፣ ከተፍኪ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። ሲቆሙ የስልክ እንጨት የሚያስንቁ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጫልቱን ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቅ የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር።

"ሰውየው በምንድን ነው የሚሄደው?"

"በሞተር" አሉ ሽማግሌዎቼ።

"ባለ ሁለት እግር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ልጄን የት ሊያስቀምጣት ነው?"

በስንት ልመና ለጫልቱ ሲሉ ፈቀዱ። እኔን ግን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እንኳ የሚናገሩት ለጫልቱ ነው። "ሰውዬው ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂው" ይላሉ። እኔም "እጠጣለሁ በያቸው" እላለሁ። ሚስቴ በሁለታችን መሃል አስተርጓሚ ሆና ቀረች... ያውም ከአማርኛ ወደ አማርኛ!

ታዲያ የኦቦ ደበላ የወንድም ልጅ፣ ለሚ የሚባል ደግ ወጣት፣ አንዲት ልጅ ወዶ ምግብ ካስጠላው ሰነባብቷል። የልጅቷ አባት ኦቦ ቱፋ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች ከበር መልሰዋቸዋል። ምክንያታቸው፣ "ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። ልጅ ሊለምኑ ነው ወይስ በሬ ሊገዙ የመጡት?" የሚል ነው። በስንት አማላጅ ሌላ ቀጠሮ ተገኘ፤ እሁድ ረፋድ ላይ። የዚህኛውን ጉዞ ኦቦ ደበላ ራሳቸው እንዲመሩት ተወሰነ። አሁንም ካልሆነ ልጅቷን ለሌላ ሰው ሊሰጧት ነው የሚል ወሬ ስላለ፣ ለሚ ከቤት ወጥቶ ሰው ማየት አቁሟል።

እሁድ ጠዋት ጫልቱ ስልክ አነጋግራ ዘጋችና አየችኝ።

"አባቴ ነው። ሊወስደው የመጣው መኪና ደጃፉ ላይ አልነሳም ብሏል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እዚያው ኦቦ ቱፋ ሰፈር ስለሆኑ ደርሰዋል። 'ሰውዬው ሞተሩን ይዞ ይምጣ' አለ።"

"እኔን? ጠርተውኝ?"

"ዳኒ... ያንን ሾክ አስወጥተኸዋል አይደል?"

የሞተሬን ቁልፍ መፈለግ ጀመርኩ። እሁድ ነው፤ ታምራት ቸርች ነው። ማን ያወጣዋል?

ስደርስ ኦቦ ደበላ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ሞተሩን ዙሪያውን ዞረው አዩት።

"ይኼ ነገር ለማን ነው የሚሰግደው?" አሉ።

ለማን እንደተናገሩ አልገባኝም። ጫልቱ የለች። በአካባቢው ያለችው የታሰረች አህያ ብቻ ናት። አህያዋ ስላልመለሰች እኔ መለስኩ።

"አዲስ ሞዴል ነው።"

ከዘራቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ወጡ። ከኋላ ሲሰቀሉ በኔ ራስ ላይ አሻግረው ተፍኪን የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

"ይያዙኝ፣ ኦቦ ደበላ።"

"አያስፈልግም" አሉ... ለአህያዋ።

አስፋልቱ ላይ እስካለን ድረስ ክብራችን ተጠብቆ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ኦቦ ቱፋ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ ግን... እናንተዬ! ያ ዋልካ አፈር ክረምቱን የትራክተር ጎማ ሲያርሰው ከርሞ፣ በጋው ሲገባ እንደዚያው ደርቋል። የመጀመሪያውን ጉብታ ስንረግጥ ኦቦ ደበላ ከመቀመጫው ተነሱ፣ አየሩን ጎበኙ፣ ተመለሱ።

"ወዮ!"

ቀጥሎ ቁልቁለት መጣ። ፍሬን ያዝኩ። ተንሸራተው መጡና ደረታቸው ጀርባዬን መታው። ወደ ኋላ ሸሹ፤ ሞተሩ ገፍቶ መለሳቸው። እንደገና ሸሹ፤ እንደገና መለሳቸው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው በሁለት እጃቸው ደረቴን ጥምጥም አደረጉት። እጃቸውን እንኳ በጣታቸው ጫፍ ሲሰጡኝ የኖሩ ሰው፣ ጠፍቶ እንደተገኘ ልጃቸው አቀፉኝ! ደስታዬን እንዳላጣጥም ግን ጆሮዬ ስር ይጮኻሉ።

"ሱታ! ሱታ ጉርባ! ቀስ በል አንተ ልጅ!"

ቀስ አልኩ። ቀስ ሲባል ደግሞ እያንዳንዱን ጉብታ በስሙ መተዋወቅ ነው።

"ዱግዳ ኮ! ወገቤን! ወገቤን ጨረስከው!"

"ላቁም?"

"እንዳታቆም! ረፋዱ እያለፈ ነው! የልጁን ነገር አበላሽተን የት እንገባለን? ንዳ!"

ነዳሁ። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ጩኸታቸው ሲያሳቅቀኝ ቆይቶ አሁን ዝምታቸው አሳቀቀኝ።

"ኦቦ ደበላ!"

አንገቴን ወደ ኋላ ጠመዘዝኩ።

"አባባ!"

"...ንዳ" አሉኝ፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ።

ይኼን አሁን እያሳቅኩ እነግራችኋለሁ እንጂ፣ ያኔ ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም። ሚስቴ ያስጠነቀቀችኝ ነገር ነው። በእልከኝነት በገዛሁት ብረት ላይ አባቷን ጭኜ እየቀጠቀጥኳቸው ነው። ለዚህ ምን ብዬ ነው ቤቴ የምገባው?

ደረስን። የኦቦ ቱፋ ግቢ በር ላይ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ኦቦ ደበላን ደግፌ አወረድኳቸው። ወረዱ... ግን አልተቃኑም! በሞተሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ፊታቸው መሬት መሬት እያየ ቀሩ።

"ቀና ይበሉ እንጂ" አልኳቸው።

"እምቢ አለኝ።"

"ትንሽ ይረፉ..."

"ጊዜ የለም" አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እንደታጠፉ ወደ ግቢው ገቡ። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ተከተሏቸው። እኔ ከበሩ አጥር ጋር ተለጥፌ አያለሁ።

ኦቦ ቱፋ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ተቀምጠው ነበር። ያ ሁሉ አገር የሚያውቀው ቁመተ ረጅም ሽማግሌ፣ ፊቱ ጉልበቱን ሊነካ ተቃርቦ ሲመጣ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ብድግ አሉ።

"ኧረ አንቱ!" አሉ። "ኧረ ማሎ! ኦቦ ደበላ፣ ይኼን ያህል?"

ኦቦ ደበላ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ መሃል አንደኛው ሽማግሌ ዝም እንዲሉ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ጉሸማው ወገባቸው ላይ አረፈ! የኦቦ ደበላ ዓይን በእንባ ሞላ።

ኦቦ ቱፋ እንባውን አዩ።

"በቃ!" አሉ። "በቃ፣ በዋቃ፣ በፈጣሪ! ያለፉት ሰዎች ቆመው አዘዙኝ። እርስዎ ግን ለኔ ልጅ ሲሉ እስከ መሬት ዝቅ አሉ። ከእንግዲህ ምን እላለሁ? ሰጥቻለሁ!"

እልልታው ቀለጠ። ኦቦ ደበላን ግራና ቀኝ ደግፈው ወንበር ላይ ሲያስቀምጧቸው "ወዮ!" አሉ፤ የቤቱ ሰው የደስታ መሰለው። ለሚ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሮጦ እግራቸው ላይ ተደፋ። "ከወገቤ ራቅ!" ሲሉት ሰማሁ። ሌላው ግን ምርቃት መሰለው መሰለኝ፣ "አሜን!" አለ።

እኔ አጥር ስር ሆኜ እንባዬ መጣ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ እስካሁን አልለየሁትም።

ከምሳ በኋላ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። አሁንም አልተቃኑም። ወደ እኔ መጡና በጎን ቀና ብለው አዩኝ።

"ዳንኤል" አሉ።

በስሜ! ዞር ብዬ ሌላ ዳንኤል ካለ አየሁ። የለም።

"አቤት ኦቦ ደበላ!"

"ልጅቷን ሰጥተውናል።"

"እንኳን ደስ..."

"ዝም በል! ወገቤን ግን አንተ ነህ የምትሰጠኝ።"

ወደ ቤታቸው የተመለሱት በፈረስ ጋሪ ላይ፣ ጭድ ተነጥፎላቸው፣ በጎናቸው ተኝተው ነው። እኔ ከኋላ ከኋላ በዝግታ ተከተልኳቸው። ከኔ ይልቅ ጋሪው ደህና ሾክ ሳይኖረው አልቀረም። ጫልቱ ስትሰማ አልጮኸችም፤ የምታስፈራውም ሳትጮህ ነው። ወገባቸውን በቅባት ልታሸው ተፍኪ ሄደች። እኔ ደግሞ በማግስቱ ታምራት ጋ ሄድኩ። አዲስ ሾክ ገዝቼ፣ ከነካርቶኑ። ታምራት ያንን ቀይና ጥቁር መንታ አውጥቶ ጥግ ላይ ወረወረው። ሞተሬ ከስንት ቀን በኋላ እንደ ሞተር ቆመ። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ አሁን "እሺ" ይላል እንጂ አይማታም። ያልኩትን ሁሉ ዋጥኩ፤ አዲስ ዕቃ ፌስታል አይደለም። ጫልቱን ለመንኳት፣ ይቅርታዋንም አገኘሁ።

ወሬው ግን በተፍኪ ዙሪያ እኔ ከማስበው በላይ ሄዷል። ኦቦ ደበላ ለወንድማቸው ልጅ ሲሉ እስከ መሬት ጎንበስ ያሉ፣ ትሕትናቸው የኦቦ ቱፋን ልብ የሰበረ ሰው ተብለዋል። ያላገባ ወንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ እያለ ደጃቸውን ይጠናል። እሳቸውም ይኼን ዝና አልጠሉትም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። የጫልቱ አይደለም፣ የኔ ስልክ!

"ዳንኤል!"

"አቤት ኦቦ ደበላ! ወገብዎ እንዴት ሆነ?"

"ተቃንቷል" አሉኝ፣ ቅር ባለው ድምፅ። "ሱሉልታ አንድ ሽምግልና አለ። የልጅቷ አባት ከቱፋ የባሰ ነው አሉ።"

"ምን ችግር አለ! እኔ እወስድዎታለሁ። አሁን እኮ አዲስ ሾክ አስገጥሜያለሁ፤ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ነው የሚደርሱት!"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አዲስ?" አሉ።

"አዲስ!"

"እና ቀና ብዬ ልገባልህ ነው?"